ፊት ለፊት ያስቀመጥኩት ስም

ሳን ሆዜ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018

ይድረስ ለእትዬ ዓለምፀሐይ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ለመክፈት ፈራሁ። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሥራ ሄድኩ፣ ተመልሼም ራቴን በልቼ ነው የከፈትኩት። ቁጣ ይኖርበታል ብዬ ነበር። «ከሳህ ወይስ ወፈርክ?» ብሎ ይጀምራል። አልከሳሁም እትዬ፣ እጮኛዬ ሳሌም ታበላኛለች።

ጋሼ ፍቅረማርያም ካረፉ ስምንት ወር አለፈ። ባለቤትዎ ብቻ ሳይሆኑ የእኔም የክርስትና አባት ነበሩ፤ እኔ ግን ለቅሶ አልደረስኩም፣ በአርባቸውም አልተገኘሁም። ይህን ሁሉ ዘልዬ የክርስትና ስሜን ይንገሩኝ ብዬ መጻፌ ምን ያህል ዓይን አውጣነት እንደሆነ አውቃለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ብዕሩ እምቢ ይለኛል። ለዛሬ በዚሁ ይለፉኝ።

እርስዎም ስሜን እንደማያውቁት ነገሩኝ። እናቴ ሳትነግረኝ ሞተች፤ የክርስትና ካርዴም ቀበና የነበረው ቤታችን ሲፈርስ የት እንደገባ አይታወቅም። ሰርጋችን በቁርባን ስለሆነ ቄሱ ያለ ክርስትና ስም አላቆርብም ብለውኛል። ቀኑ ጥር 24 ነው፣ ከነነዌ ጾም በፊት ያለችው የመጨረሻዋ እሑድ። ስለዚህ ጋሼ የክርስትና ልጆቻቸውን ስም ሁሉ ላፕቶፓቸው ውስጥ ጽፈው ነበር ሲሉኝ ተነሥቼ ቆምኩ። ቀጥለው «ላፕቶፑ ግን አልነሳ ብሏል» ማለትዎን ሳነብ ደግሞ ሳቅኩ። ኮምፒውተር መጠገን እንጀራዬ አይደለም እንዴ?

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በናፕኪን የጠቀለልኳት ጣት የምታህል ነገር ፍላሽ ናት። ውስጧ አዲስ ሲስተም አለ። የጋሼ ላፕቶፕ ናላው ዞሮ ነው እንጂ የጻፉበት ነገር ሁሉ እዚያው ዲስኩ ላይ አለ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ ፍላሿን በጎኑ ይሰኩ። አብርተውት ወዲያው «ኤፍ አሥራ ሁለት» የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይንኩ። ጥቁር መስኮት ሲመጣ የፍላሿን ስም ይምረጡ። ከዚያ ልሞክር ወይስ ልጫን ብሎ ይጠይቅዎታል፤ «ትራይ» የሚለውን ይጫኑ፣ መሞከር ማለት ነው። የድሮውን ምንም አይነካም። ገብተው የጋሼን ጽሑፍ ይፈልጉ።

ስልክ ብደውል እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፤ የስልክ ጽሑፍ ደግሞ ዓይኔን ያመኛል ብለዋል። ስለዚህ ያለን ደብዳቤ ነው። የማልመጣው እርስዎ ያሉበት ኦክላንድ ሩቅ ሆኖ አይደለም፣ እሱን እኔም አውቃለሁ።

ልጅዎ ሰረቀብርሃን


ኦክላንድ፣ ቴሜስካል፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018

ለልጄ ለሰረቀብርሃን፣

ፍላሽህ በሰላም ገብታለች። ናፕኪኑ ላይ የፒዛ ቤት ስም አይቼ ሳሌም ታበላኛለች ያልከውን ማመን አቃተኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንደተወኝ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነጃት የምትባል ልጅ አለች፣ ከሥራ ስትወጣ ብቅ ትልልኛለች። ከንፈሯን እያየሁ ነው የምሰማት። ስትቸኩልና ማስቲካ ስታኝክ ግን ምንም አይገባኝም፤ «ትፊውና እንደገና ጀምሪ» እላታለሁ። እሷም ትተፋዋለች፣ ጨዋ ናት።

ኤፍ አሥራ ሁለቱን የነካሁት እኔ ነኝ። ሦስቴ አምልጦኝ በአራተኛው ያዝኩት። ጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ዘነበ፣ ቆየና ሁሉም ጠፍቶ አንድ ሰፊ ሐምራዊ ባዶ ቦታ መጣ። ፍቅረማርያም የለጠፈው የቀበና ወንዝ ፎቶ የለም። እሱ የደረደራቸው ትንንሽ ሥዕሎች የሉም። ሰው በሕልሙ ቤቱ ሲገባ እንዲህ ነው፤ ቤቴ ነው ይላል፣ በሩ ግን ሌላ ቦታ ነው፣ መስኮቱም አንድ በልጧል፣ እሱም አይገርመውም። እኔም አልገረመኝም። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት።

ነጃት አንድ ቦታ ስትነካ የድሮው ዲስክ ተከፈተና የእሱ ነገር ሁሉ ወጣ። የዕድር ደብዳቤው፣ የሐኪም ቀጠሮው፣ ግማሽ ላይ የተወው የሕይወት ታሪኩ። መጨረሻ ላይ «የክርስትና ልጆቼ» የሚል። ነጃት «እትዬ፣ ኦፕን ላድርገው?» አለች። እጇን መታሁት።

ሰረቀብርሃን፣ ልትስቅ ትችላለህ። የክርስትና ልጆቹ ዘጠኝ ናችሁ። ሃምሳ ዓመት አብረን ስንኖር የአንዳችሁንም ስም አሳይቶኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም። የክርስትና ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ ለመተት ይሆናል ብሎ ይፈራ ነበር። ያንተን ልፈልግ ብዬ የስምንት ሰው ምሥጢር ማየት አልፈልግም። አንተ ግን ከዘጠኙ አንዱ ነህ፣ መብት አለህ። ስለዚህ ራስህ ና። ክፈተው፣ ያንተን አንብብና ዝጋው። ምሳ አበላሃለሁ፣ ፒዛ ያልሆነ።

ትናንት ፍቅረማርያምን በሕልሜ አየሁት። እንደ ልማዱ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሞ ይጸልያል። መንገዱን ጉም ሸፍኖታል፣ መኪናዎቹ መብራታቸው ብቻ ነው የሚያልፈው። የእሱም ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በሕልሜም ደንቆሮ ነኝ፣ አይገርምህም?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይቺ ፍላሽ ሁልጊዜ እንደተሰካች ትኖራለች ወይስ ላፕቶፑ ራሱን ይችላል? ቅዳሴ ሲተላለፍ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበብኩ ማስቀደስ እፈልጋለሁ።

ዓለምፀሐይ


ሳን ሆዜ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018

ይድረስ ለእትዬ ዓለምፀሐይ፣

በአራተኛው ያዝኩት ያሉትን ለሥራ ጓደኞቼ ነገርኳቸው። ከመካከላችን በስድስተኛው የሚይዝ አለ። ፋይሉ መገኘቱን ስሰማ ሳሌምን አቅፌ አዞርኳት፤ ቅዳሜ ዳሊ ሲቲ ወላጆቿ ቤት ሄደን ለአባቷም ነገርኳቸው። አባቷ ጥብቅ ሰው ናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው ስሙን ሳያውቅ እንዴት ልጄን ይወስዳል?» አሉ።

ስለ መምጣቱ፣ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ወር ግን ሰው ስለጎደለብን ቅዳሜም እሑድም ያስገቡኛል። ከገና በኋላ እመጣለሁ። ይህን መሥመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት።

ፍላሿ ጊዜያዊ ናት። ላፕቶፑ ራሱን እንዲችል ሲስተሙ በደንብ መጫን አለበት። መጀመሪያ የጋሼን ፋይል ከድሮው ዲስክ ያውጡና ሌላ ቦታ ያስቀምጡት። ከዚያ «ኢንስቶል» የሚለውን ይንኩ። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚል ይመጣል፣ ዲስኩን ጠርገህ ጫን ማለት ነው። አያስፈራዎት፣ ይጫኑት። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሲያበቃ ፍላሿን ነቅለው እንደገና ያብሩት። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው፣ ቅዳሴውንም እንደልብዎ ያዩበታል። ፋይሉን ሳይከፍቱ ያቆዩልኝ፣ ስመጣ አብረን እንከፍተዋለን።

ጋሼን በሕልም ማየትዎ አስቀናኝ። እኔ ጋ መጥተው አያውቁም።

ሰረቀብርሃን


ኦክላንድ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018

ለሰረቀብርሃን፣

ገና ሳይገባ ይድረስህ ብዬ ነው የቸኮልኩት። እንኳን አደረሰህ፣ ለሳሌምም ለቤተሰቧም።

ላፕቶፑ ተጭኗል። ሃያ ደቂቃ ያልከው ሃያ ስድስት ፈጀ። ሲጫን ስምሽ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ዓለምፀሐይ ብዬ ጻፍኩለት፣ የዓለም ስሜ ይበቃዋል። እሑድ ቅዳሴ አየሁበት። ጽሑፉ ከካህኑ አፍ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይመጣል። እጅህን ይባርከው።

ለመሆኑ እናትህ በስንት ቀን ወለደችህ? ቀኑን ነግራህ ታውቃለች? ቄሱስ ቁርጥ አድርገው ነው ያሉት ወይስ ቢለመኑ ይሰማሉ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ሥራ ከበዛብህ አትቸኩል። ና ብዬ የጻፍኩትን ተወው፣ መንገዱም ዝናብ ነው። ፍላሽህን በናፕኪንህ ጠቅልዬ መልሻለሁ።

ፍቅረማርያም ከዚያ ወዲህ በሕልሜ አልመጣም። ጉሙ ይመጣል፣ መስኮቱም አለ፣ እሱ ግን የለም። ነጃት አትክልት ሾርባ ሠርታ አመጣችልኝ፣ ግማሹን በላሁ።

ዓለምፀሐይ


ሳን ሆዜ፣ ጥር 1 ቀን 2018

እትዬ፣

ፋይሉ ጠፍቷል፣ አይደል?

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፋይሉ አንድ ቃል የለም። ና ያሉኝን መልሰው ወሰዱ። ሾርባውን ግማሽ በላሁ ማለትዎ ደግሞ ከሁሉ ባሰብኝ፤ እርስዎ ሳህን ላይ ምግብ የሚተው ሰው አልነበሩም።

የት እንዳስቀመጡት ልገምት። ፊት ለፊት፣ ያ ሰፊው ሐምራዊ ባዶ ቦታ ላይ። ሰው ዕቃውን እንዳይጠፋበት ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ያስቀምጣል፣ ምን ጥፋት አለው? ግን ፍላሿ ስትሠራ ላፕቶፑ ሕልም ላይ ነው ማለት ነው። እዚያ የሚያስቀምጡት ነገር ዲስክ ላይ አያርፍም፣ ፍላሿም ላይ አይገባም። ጠፍቶ ሲነሳ የለም። ይህን መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ። «ሌላ ቦታ» ብዬ ጻፍኩ፣ የት እንደሆነ አልጻፍኩም። ሥራ ቦታ አንድ ሰው ለደንበኛ እንዲህ ቢጽፍ እጮህበት ነበር። የድሮው ዲስክ ደግሞ አዲሱ በላዩ ተጽፎበታል፤ አምጥቼ ልሞክረው እችላለሁ፣ ተስፋ ግን አልሰጥዎትም።

ጥያቄዎን ልመልስ። እናቴ «ክረምት ሊወጣ ሲል፣ በጳጉሜ ሦስት፣ በዝናብ ወለድኩህ» ትል ነበር። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቀን ሌላ ነው፣ ግምት ነው። ቄሱ ቁርጥ አድርገዋል፤ ስሙ ካልተገኘ ጉዳዩ ወደ ጳጳሱ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ለጥር 24 አይደርስም። የሳሌም አባት «እንግዲያው ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» ብለዋል፣ እናየዋለን ሲሉ ግን ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። ሳሌምም የሰርጉን መጥሪያ ከፍሪጁ ላይ አንስታዋለች።

አሁን ብዕሬ እምቢ ያለኝን ልጻፍ። ጋሼ ከማረፋቸው ከሁለት ወር በፊት ደውለውልኝ ነበር። «ሰረቀብርሃን፣ ይሄ ላፕቶፕ እየደከመ ነው፣ ብቅ በልና እየው» አሉኝ። «በሚቀጥለው እሑድ» አልኳቸው። ስምንት እሑድ አለፈ። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ሶፋችሁ ላይ አራት ወር ተኝቻለሁ፣ እኔ ግን አንድ እሑድ አጣሁላቸው። አሁን ሳስበው የጠሩኝ ለላፕቶፑ አይመስለኝም።

የለቅሶው ቀን መጥቼ ነበር። ከሥራ እንደወጣሁ ከቤሪየሳ ባቡር ተሳፍሬ እናንተ ሰፈር፣ ማክአርተር ጣቢያ ወረድኩ። ከቤታችሁ ማዶ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ስገባ ምን እላለሁ? ላፕቶፑ እንዴት ነው ልበል? መንገዱን መሻገር አቃተኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ኦክላንድን ረግጬ አላውቅም፤ ሥራ በዛ ያልኩዎት ውሸት ነው። ታኅሣሥ ላይ ና ሲሉኝ መጥቼ ቢሆን ስሜ ዛሬ በእጄ ነበር።

አይዘኑብኝ አልልም። በራስዎ ላይ ግን አይዘኑ።

ሰረቀብርሃን


ኦክላንድ፣ ጥር 7 ቀን 2018

ልጄ ሰረቀብርሃን፣

የሰርጉን መጥሪያ ፍሪጁ ላይ መልሱት።

እንዴት እንደሆነ ከሥር ልንገርህ። ፊት ለፊት ነው ያስቀመጥኩት፣ ልክ ነህ። በእጄ ይዤ አወጣሁት፣ ከመሀል አደረግሁት፣ እንዳይወድቅ የፈራሁ ይመስል። ከዚያ ጠራርገው አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ነጃትም «እትዬ፣ ሹር ነዎት?» አለችኝ፣ ሹር ነኝ አልኩ። ነቅለን ስናበራው ያው ሐምራዊ ቦታ መጣ፣ ከመሀሉ ግን ምንም የለም። ማታውኑ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ፣ ወረቀቱን አጣጥፌ ተነሣሁ። ከእሑድ በኋላም ስለ ቅዳሴው ጽፌ ዘጋሁት። የሰው ስም የሚያህል ነገር ጠፍቶብኝ ስለ ሾርባ ጻፍኩልህ፣ ይቅር በለኝ።

ደብዳቤህ ሲደርስ ላፕቶፑ ሕልም ላይ ነው ያልከው ቃል ከልቤ አልወጣ አለ። እኔም እኮ በሕልሜ ያየሁት ነገር አለ። ፍቅረማርያም መስኮቱ ጋ ቆሞ። ያ ደግሞ ሕልም ብቻ አይደለም፤ አሥር ዓመት ሙሉ፣ ጆሮዬ ከሄደ ጀምሮ እሱ እስኪያርፍ፣ በየጠዋቱ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያየሁት ነው። የክርስትና ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ይጸልይላቸው ነበር። በጣቱ ይቆጥራችኋል፤ ለአንድ ጣት አንድ ልጅ፣ ዘጠኝ ጣት። ድምፁን እንደማልሰማ ስለሚያውቅ ፊቱን አይሸፍንም፣ ከእኔ የሚደብቅ አልመሰለውም። እኔም ምሥጢር የማይ አልመሰለኝም። እንዲሁ ዓይኔ ያርፍበት ነበር።

አንተ የግራ እጁ ሌባ ጣት ነህ። በምን አወቅሽ ትለኛለህ? ሳን ሆዜ ከወረድክ ወዲህ እዚያ ጣት ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞር ነበር፣ ወደ አንተ። ጣቱንም ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ ያቆየዋል።

መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ፊት ቆምኩና የእሱን ከንፈር በከንፈሬ ሠራሁት። የመጀመሪያው ቀን አልሆነም፣ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ለቅሶዬ መጣ። በሁለተኛው ቀን ግማሹ መጣ። በሦስተኛው ጠዋት እጄን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ ድምፅ ጨመርኩበት። አልሰማሁትም፣ በመዳፌ ግን ተሰማኝ። ስም ነው፣ ሙሉ ስም፣ ከነቅዱሱ። ነጃት ድምፄን ሰምታ ሮጣ ወረደች። በሩን ዘጋሁባት፣ እንዳትሰማ። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ተጠራጥሬ ደግሞ ቆጠርኩ። ጳጉሜ ሦስት ላይ ለወንድ ልጅ አርባ ቀን ስትጨምርበት የማን ቀን አጠገብ እንደሚወድቅ አይቻለሁ። ይገጥማል። እናትህ ነፍሷን ይማር፣ ዝናቡን ስላልረሳችልህ። የቀሩትን ስምንቱን በደብዳቤ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁሉም ስማቸውን ከእናታቸው ያውቁታል፣ አይዞህ።

አሁን እኔም አንድ ያልጻፍኩትን ልጻፍ። የለቅሶው ቀን አይቼሃለሁ። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሰህ ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆመሃል። ሴቶቹ ተቀመጪ እያሉ ይጎትቱኛል፣ እኔ መስኮቱን አልለቅም አልኩ። አሁን ይሻገራል፣ አሁን ይሻገራል እላለሁ። ቢያንስ እጄን ላውለበልብልህ እችል ነበር፣ ተቆጥቼ ነበርና አላውለበለብኩም። ያንን ፋይል ሳልከፍት ያቆየሁትም ለምሥጢሩ ብቻ ብዬ አይደለም። ብከፍተው በፖስታ እልክልሃለሁ፣ አንተም በዚያው ትቀራለህ። ላይህ ፈልጌ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻህ አትውሰደው፣ ለእኔም ድርሻ ተውልኝ።

ስምህን እዚህ ላይ አልጽፈውም፣ ላፕቶፑም ውስጥ አላስገባውም። በአፌ ነው የምነግርህ፣ አንተም በአፍህ ትመልስልኛለህ፣ ከንፈርህን አይቼ ልክ መሆኑን አውቃለሁ። ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ ጥር 16 ነው፣ ሳሌምን ይዘሃት ና። ስትመጣ ደወል አትደውል፣ አልሰማውም። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ እጄን አውለበልባለሁ። አንተ መንገዱን ብቻ ተሻገር።

እናትህ ዓለምፀሐይ